ግማሽ ቅርንጫፍ

ትናንት ሌሊት ኮቺ የወረደው ዝናብ
የአቮካዶዬን ክንድ ገንጥሎ ጣለና፣
ግራቪሊያው ደግሞ አጥር ላይ ተኛና፣
ክምር ላይ ክምር ሆነ፣ ዕዳ ላይ ዕዳ።
የካቻምናው ጉንድል፣ የቡናው ጭራሮ፣
ሁለት ክረምት ጠግቦ ሞልቶታል ጓሮ፤
ከአጥሬ በላይ ደርሶ፣ አንገቱን መልሶ
የሸምሲያን መስኮት ያያል ተንጠራርቶ።
እሷም በቀዳዳ «አንተ ሰው» ትላለች፣
«እባብ ልታረባ ነው?» ብላ ትስቃለች።

እንዳላቃጥለው፣ የእርጥብ እንጨት ጭሱ
ከሸምሲያ ልጅ አስም አይስማማም እሱ።
አዌቱ ዳር ልጣል ብል ደንብ አስከባሪ አለ፤
ላስጭነው ብልም ባለጋሪው መጥቶ፣ ክምሩን ዞሮ አይቶ፣
ፈረሱን አሳየኝና
«እሱን ጠይቀው» አለ።

ሒርማታ፣ ነጂብ ሱቅ፣ አንድ ማሽን መጥቷል፤
ብርቱካንማ ነው፣ የጥጃ ቁመት ነው፣ ከሳጥኑ ወጥቷል።
እንጨቱን በላይ በኩል ጎርሶ በጎን ይተፋዋል፤
ትፋቱ ከቡና ሥር ቢጎዘጎዝ አረሙን ያፍነዋል፣
እርጥበት ያቆያል፣ ውሎ አድሮ አፈር ይሆናል፤
ነጂብ እንዲህ ይላል።
ነጂብ ብዙ ይላል።
«አርባ ስምንት ሺ ብር፣ አንተ ስለሆንክ ነው።»
አርባ ስድስት ነበር፣ ለማያውቀው ሰው።

ማታ በመብራት ቢል ጀርባ ላይ ሒሳብ ሠራሁ።
ዳና በገጀራ ቀን ሙሉ ቢከትፍ አራት መቶ ብር፤
የማሽኑ ዋጋ መቶ ሃያ ቀን ነው፤ በወር ሁለቴ ቢመጣ
አምስት ዓመት ሙሉ ዳና ይከትፋል።
የማሽኑ ዋስትና ስድስት ወር ብቻ ነው፤
ስለቱ ቢደንዝም መለዋወጫው አዲስ አበባ ነው።
የዳና ገጀራ ግን ደጃፌ ድንጋይ ላይ ይሳላል።

ይህን ለዳና ብነግረው ትከሻውን እያሸ
«ግዛው» አለኝ፣ «ግዛው፤ እኔ አጎርሰዋለሁ፤
የቀን ሒሳቤን ግን እንዳትቀንስ።»
ሙርሺዳ ከገንዳው ቀና ብላ፣ እጇ በሳሙና፦
«የኔ እጅ ሲፈትግ ሃያ ዓመት ዝም ብለህ፣
ዛሬ ለቅርንጫፍ ማሽን ትመኛለህ!»
መልስ አልነበረኝም። ልክ ነበረች።
ሲነጋ ግን ሄድኩ።

ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል፣ ናሙና ተቀባይ፣
ዛሬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ናሙና አቅራቢ ሆንኩ፦
አንድ የቡና ጭራሮ፣ አንድ የአቮካዶ፣ አውራ ጣት የሚያህል።
ነጂብ ሶኬቱን ሰካ።
ጮኸ። የበርጩማ ሻጩ ዕቃውን ጥሎ መጣ፤
ዶሮዎች በእግራቸው ታስረው ተንጫጩ።
ቡናውን እንደ ጫት ቀንጥሶ ጎረሰው፤
የትኩስ እንጨት ሽታ አፍንጫዬን ደረሰው፣
ያኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ብሩን ቆጥሮ ጨረሰው።
ቀጥሎ አቮካዶውን
ግማሹን ዋጠና

መብራት ጠፋ።

ነጂብ ቆጣሪውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ።
«አሁን ይመጣል» አለ። ሻይ አዘዘልኝ።
ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሁለተኛም መጣ፤
መብራት ግን አልመጣ።
ቅርንጫፌ ከነቅጠሉ ከአፉ ወጥቶ ቀረ፣
ስሟ ሲጠራ ሰምታ
ማኘክ እንዳቆመች ፍየል።

ባዶ እጄን ስገባ ዳና ከክምሩ ሥር ተንበርክኳል።
«ቀስ በል» አለኝ በሹክሹክታ።
ሙርሺዳ ቀበሮ በላት ብላ ያለቀሰችላት ቀይ ዶሮ
በበሰበሰው ጭራሮ ጥቁር አፈር ላይ
አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋለች፤
አንድ ዓይኗን ገልጣ ገጀራውን ታያለች።
«ይኸው እባብህ» አለች ሸምሲያ በቀዳዳው።

ወደ ማታ ነጂብ ደወለ፦ «መብራት መጣ!
እንጨትህ እንደ ጎረሰው ነው፤ ልጨርሰው ወይስ ትመጣለህ?»
ሙርሺዳ እጇን እያደረቀች ታየኛለች።
በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሃያ አንድ ቀን።
«እንደ ጎረሰው ያቆየው» አልኩት።