ይሰፋል

ዐሥር ቀን አሠለጠኑኝ፣
ሰማያዊ ሰደርያ አለበሱኝ፣
ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ወረቀት አስያዙኝና
«ሂጂ፣ አዳምጪ» አሉኝ።
ማዳመጥ ደግሞ ይሠለጠናል?
ከፓልማ የወጣን ለት፣ የልጄን አፍ በመዳፌ ከድኜ
ስንት ሌሊት ነው ያደርኩት
ጫካውን ሳዳምጥ፣ ጆሮ ብቻ ሆኜ?

ሞንቴፑዌዝ ቀይ አፈር ናት።
ጉድጓድ አላት፣ ወረፋ አላት፣ ቢጫ ጄሪካን አላት፤
ባሕር የላትም።
አንሊ ንፋውሜ ግን በካሹው ዛፍ ሥር
መረብ ዘርግቶ ይሰፋል።
መረቡ ምንም አልሆነም፤
እያየሁት ይተረትረዋል፣ መልሶ ይሰፋል።
ጎረቤቱ «ለቆበታል» ይላል፣
ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ።

ወረቀቴን አወጣሁ።
«ባለፉት ሁለት ሳምንታት
እንቅልፍ ያጣኸው ስንት ሌሊት ነው?»
«ሌሊትማ አንድ ነው» አለ፣ ቀና ሳይል፤
«ከዚያ ወዲህ መች ነጋ?
ይሰፋል እንጂ።»

የቱ እንደሚሰፋ አልጠየቅሁም፤
ሌሊቱም ይሰፋል፣ እጁም ይሰፋል፤
የኔ ወረቀት ቁጥር ብቻ ይቀበላል።

«ተስፋ የመቁረጥ ስሜት?
ፈጽሞ፣ አልፎ አልፎ ወይስ ዘወትር?»
«ይህን የጻፈው ማነው?»
«ዋና ከተማ ያሉ ሰዎች።»
«ጀልባ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?
ሦስተኛው ማዕበል ሲመታህ
አራተኛውን ትቆጥራለህ ወይስ ትቀዝፋለህ?»
ከዚያ መርፌውን አስቀምጦ፦
«አንቺስ ትተኛለሽ?»

የራሳችሁን አታውሩ ብለውናል፣ በአራተኛው ቀን።
ዝም አልኩ።
እሱም እንደ ሠለጠነ ሰው ጠበቀኝ።

«አልተኛም» አልኩት።
«የድስት ክዳን ሲወድቅ ልጄን መሬት እደፋታለሁ።
ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ተደፍታ አደገች።»

አይዞሽ አላለኝም።
«ይህን ጫፍ ያዢልኝ» አለ፣ «ወጠር አድርገሽ።»
ጫፉን ይዤ ቆየሁ፣ ጫፉን ይዞ ቆየ፤
በመሀላችን ያለው ቀዳዳ ሁሉ ታየ።

በሐሙሱ ሙዋናሻ መጣች፤
የባሏን ቁጥር ሦስት ዓመት የደወለች፣
አሁንም ስልኩን በጉያዋ ይዛ በአንድ እጇ የምትቋጥር።
ሽማግሌው ምፖካ መጣ፣ የደጋ ሰው፣
ባሕር በዓይኑ አላየም፤
ከእንጨት መርፌ ይጠርብልናል፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ።
ስለዚያ ቀን ማንም አልተናገረም።
ወይም ተናገሩ፤
ሁሉም መረቡን እያየ ስለነበር
እንደ ንግግር አልተቆጠረም።

ልጆቹ ለመኑት፣ ለጎል እንዲሆናቸው።
እንቢ አለ። ለመኑት። እንቢ አለ።
አንድ ማለዳ ሁለት እንጨት መሀል ተሰቅሎ አገኘነው።
ሦስት ቀን አልቆየም፤ ኳሷ በጥሳው ወጣች፣
ልጆቹ በያሉበት ቆሙ።
አንሊ ተነሣ፤ ሁላችንም ቁጣ ጠበቅን።
ክንዱን በቀዳዳው አስገብቶ፣ እስከ ትከሻው፣
ወዲያ ማዶ ጣቶቹን አየ።
«እሰይ» አለ። «ይኸው፣ አሁን ተቀደደ።»

የወሩ መጨረሻ አለቃዬ ወረቀቱን ገለጠና
«ስምንተኛው ባዶ ነው» አለኝ።
ለአስተያየት በተተወው ቦታ
«ክር ያስፈልጋል፤ ወፍራም ናይለን» ብዬ ነበር።
ሳቀ። ቀልድ መስሎት።

ክር አልመጣም።
ስለ ጭንቀት የሚያስረዳ ፖስተር መጣ፣
ጀርባው ነጭ ነው፤ ልጆቹ ጀልባ ሳሉበት።
እኛም የሩዙን ጆንያ መተርተር ያዝን፤
«አይሸጥም» የሚለው ጽሑፍ
ፊደል በፊደል እየፈታ፣
ሰማያዊ ክር እየሆነ መረቡ ውስጥ ገባ።

አንሊ ዛሬም አይተኛም፤ ዋሽቼ አልጽፍም።
ትናንት ማታ ግን በደጁ ሳልፍ
በጨለማ ውስጥ ድምፁ፦
«አንቺ ባለ ወረቀት፣
እዚህ ጋ ጫፍ የሚይዝ ሰው ጠፍቷል።»
ሰደርያዬን አውልቄ ገባሁ።