ዮቭና ሲስል

ካራስዮክ ነው አገሩ፤ ፀሐይ ኅዳር ገብታ፣
ጥር እስኪጋመስ ድረስ የማትወጣ ተኝታ።
ዮቭና ከመብራት ሥር፣ ጎተራው ጥግ ገብቶ፣
የአጋዘን ቀንድ ይሞርዳል፣ ከበረዶ አንሥቶ፣
ለቢላ እጀታ።

«ዮቭና ይስላል» እንላለን፣ በግድግዳው ሰምተን፤
ቢላውማ ተስሏል፤ ደረቱን ነው የሰማን።

ሞተሩ ሲያፏጭ ቀንዱ ነጭ ይጨሳል፣
ያረረ ፀጉር ሽታ ጎተራው ይለብሳል።
ቅንድብ ላይ ያረፈው በመዳፍ ይነሣል፤
ደረት የገባውን ማን ገብቶ ያብሳል?

የእህቱ ልጅ ሪስተን ጭምብል ይዛ መጣች፣
ሞተሩን አጥፍታ ቀንዱን ውሃ ነከረች።
«በአባቴ ፊት ላይ ጭምብል አላየሁም።»
«በአባትህ እጅ ላይም ሞተር አልነበረም።»

ዝም አለ።
«ጢምህንም ላጨው፤ ያሾልካል በጎኑ።»
ይኼኔ ነው የከፋው፤
ላጨው እያጉረመረመ፣ የሠላሳ ዓመቱን።

ማታ እርጥብ ጨርቅ እንጂ መጥረጊያ አልተነሣም።
ጠዋት የባልዲው ውሃ ረግቶ፣ ወተት መስሎ፣
ሪስተን ደጅ ገለበጠችው፤
አንድ ነጭ ክብ በረዶ።

ዮቭና ቆሞ አየው፣ ራቁት አገጩን ብርድ እየላሰው፤
ስንት እንዲህ ያለ እንደዋጠ ሲቆጥር መሰለኝ።
አንዴ ሳለ።
ከዚያ ቢላውን አንሥቶ
ሳለ።