ጥቂት፣ እርጥብ ጠጠር ላይ

በደኒደን ቤት አለ፣ የደረቀ ዕፅ የሚኖርበት፤
ንጋሁያ መሳቢያ ሳበች፣ አወጣች ቢጫ ወረቀት።
በክር የተሰፋች ሚጢጢ ተክል፣ ከጣቷ ያነሰች፣
ሰማንያ ዓመት ተጋድማ ገለባ የመሰለች።
ከሥሯ የኤባን ማክሬ ጽሕፈት፣ ሻይ የመሰለ ቀለም፦
«ከሃሚሽ ጅረት በላይ። እርጥብ ጠጠር። ጥቂት።» ሌላ የለም።

«አትርሱኝ» ነው የወል ስሟ፤ ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚያውቃት፣
በፖስታ ካርድ፣ በሻይ ሲኒ፣ በሰማያዊ የሚስላት።
ግሪኮች ግን ቅጠሏን ዳብሰው፣ ለስላሳ ጠጉሯን አይተው፣
«የአይጥ ጆሮ» አሏት ድሮ፣ የፍቅሩን ወሬ ትተው።
እኔ የአይጥ ጆሮን እመርጣለሁ።
ቢያንስ ልመና የለበትም።

በሰሜን በኩል፣ በአውሮፓ፣ በወንዝ ዳርና በዛፍ ጥላ፣
ታድጋለች ጫፏን ይዛ፣ እንደ ጊንጥ ጅራት ጠቅልላ፤
በየቀኑ ትፈታዋለች፣ አንድ አንድ አበባ እየለቀቀች፣
እምቡጥ ሳለች ሮዝማ፣ ስትፈካ ሰማይ የለበሰች።
መሐሏ ቢጫ ቀለበት አለ፣ ንብን «ግቢ» የሚላት፤
እንግዳ በልቶ ሲሄድ ይነጣል፤ ሱቁን ዘጋች ማለት።
ፍሬዋ አራት፣ ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ከሰሊጥም ያነሰ፣
ቀሚሷ ባለ መንጠቆ፣
በበግ ፀጉር፣ በሰው ካልሲ፣ አገር ያዳረሰ።

እንዴት ደረሰች ታዲያ እዚህ፣ ከዓለም ጫፍ ደሴት?
ሊቃውንቱ ይገምታሉ፦ በወፍ እግር ጭቃ፣ በላባ ውስጥ ምናልባት።
ብቻ አንድ ቀን አንዲት ዘር ወረደች፤ ያያት የለም፤
ትውልድ በተተካ ቁጥር ለቀቃት ሰማያዊው ቀለም።
ለማን ትኳል? ጎብኚዎቿ ዝንብና የእሳት ራት፤
ነጭ በቃት። አንዳንዷን ቢጫ፣ አንዳንዷን ቡናማ ነካካት።
በገደል ስንጥቅ፣ በበረዶ ግርጌ፣ በኖራ ድንጋይ ላይ፣
አርባ ምናምን እህትማማች፣ አንዷ ከአንዷ ሳትተያይ።

ሰማያዊዋማ ኋላ መጣች፣ በመርከብ፣ በሰፋሪ ሚስት ኪስ፤
ዛሬ ቦዩን ሁሉ ሞልታዋለች፤ አረም ናት፣ ማን ይመልስ።
የእርሻው ጌታ ሽማግሌ ዱጋልድ ጠቆማት በከዘራው፦
«አትርሱኝን ነው የምትፈልጊ? ይኸው ሙሉ ነው ጎራው!»
ንጋሁያ ራሷን ነቀነቀች።
እሱም ትከሻውን።

ሦስት በጋ ሄደች። በጉልበቷ። አጉሊ መስተዋት በአንገቷ።
በአንደኛው ዝናብ መለሳት፤ በሁለተኛው ቁርጭምጭሚቷ።
በሦስተኛው፣ ጥር ሲጋመስ፣ ምሳ ልትበላ ተቀምጣ፣
ዳቦውን ገና ስትገምጥ፣
ከጫማዋ ጎን ነጭ ነጥብ፣ ከጠጠር መሐል ወጥታ።

አሥራ አንድ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።
አሥራ አንድ።

አልነቀለችም። ደብተሯን ገልጣ «እርጥብ ጠጠር፣ ጥቂት» አለች፤
የቦታው ስም የሚሞላበትን መስመር ባዶውን ተወች።
ሰብሳቢ አለ። ካሜራ አለ። በግም አለ።
ማክሬም ቢሆን፣ ስታስበው፣ ብዙ የነገራት ነገር የለ።

ማታ ከእንግዳ ማረፊያው ገብታ፣ ካልሲዋን ስታወልቅ፣
አንዲት ፍሬ፣ ከነቀሚሷ፣ ከሱፉ አልላቀቅ።
በመብራት አየቻት። ሻዩ ፈልቷል። ውጭ ዝናብ ጀምሯል።
አርባ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች በጨለማ ይጠብቃል።
ካልሲዋን መልሳ አጠለቀች፣ እርጥቡን፣ ከነፍሬዋ፣
የመኪናውን ቁልፍ አነሳች።
ሻዩ ቀዘቀዘ ከኋላዋ።