የአክስቴ አውራ ጣት

ከቀኑ ዘጠኝ ነው፤ መጋላ ተኝቷል፤
ባጃጁም እንደ ሰው ጥላ ሥር ገብቷል።
ማራገቢያው ብቻ እየተንቋቋ ይዞራል፣
ሙቀቱን ከጥግ ጥግ ወስዶ ይመልሳል።

አክስቴ ሸምሲያ ወንበሯን አስጠግታ፣
ከብስኩት ቆርቆሮ ካርዶቿን አውጥታ፣
አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች፣ ቆጠረች፤
«አሥራ አንድ ናቸው፤ ሙኒር፣ እንዳይጠፉ» አለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ሰርግ፣ በሰው ጭፈራ፣
ካሜራ አንግታ፣ ላቧን እየጠረገች ኖራ፣
አምና በሁለት ዓይኗ ወረደባት ሞራ።
ሐኪሙ «ይገፈፋል» ብሏል፤ ትጠብቃለች ተራ።
እስከዚያው
የማየው እኔ ነኝ፣
የምታውቀው እርሷ።

ካርዱን ሰካሁት።
አረንጓዴው መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ሄደ።
«ስንት ይላል?» «ስምንት በመቶ።»
«አሁንስ?» «ዘጠኝ።»
«አቦ! የድሮው ባቡር ከዚህ ይሻል ነበር፤
ቢያንስ ሎሚ ትገዛለህ በየጣቢያው በር።»
ዘጠና አንድ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።
ማራገቢያው ቆመ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤
የጎረቤት ሬዲዮ ወሬው መሐል ቀረ።
እኔ ስነጫነጭ እርሷ ሣቀች፤
«አሁን እኩል ሆንን» አለች።

መብራቱ ሲመለስ ፎቶዎቹ መጡ፤
ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ናቸው፣
እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥለው ያሉ፤
ቀናቸውም አንድ ነው፦
በፈረንጅ ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ፣ እኩለ ሌሊት ይላሉ።
ለካ የካሜራው ባትሪ ባለቀ ቁጥር
ሰዓቱ ወደዚያች ሌሊት ይመለስ ነበር።
ሠላሳ ሰባት ሙሽሮች በአንዲት ሌሊት ተድረው፣
ዒዱም፣ ጥምቀቱም፣ ቀብሩም በአንዲት ሌሊት ሆነው፣
ፀሐይ በእኩለ ሌሊት ደቻቱ ላይ ወጥታ…

«ማሽኑን ተወው» አለች። «ጥላው ወዴት ወድቋል?»
«ወደ ግራ።» «ግንቡስ?» «ሰማያዊ፤ ቀለሙ ተልጧል።»
«ከዚራ ነው። ጠዋት ነው። ከጎርፉ በፊት።
ሙሽራዋ በእጇ አፏን ትሸፍናለች፣ የወርቅ ጥርስ አላት፤
እያት እስቲ፣ አለች?»
አለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ማኅደር ከፈትን፦
«ከጎርፉ በፊት»፣
«ከጎርፉ በኋላ»፣
«ሙሽራው ያኮረፈበት»፣
አንዱ ደግሞ ከሁሉም የከበደ፣ ስሙ «ያልከፈሉኝ»።

በመሐል የተበላሸውን እየለቀምሁ
ወደ ቅርጫት እጥላለሁ፤
የደበዘዘውን፣ አንገቱ የተቆረጠውን፣ ዓይኑን የጨፈነውን።
የአይጤዋን ጠቅታ ሰማች።
«ምን ጣልህ?»
«የማይረባ ነው። አውራ ጣት ጥጉን ሸፍኖታል።»
«የማን ጣት?»
ዝም አልሁ።
«የማን?»
«ያንቺ።»

ማራገቢያው ሁለት ሦስቴ ዞረ።
«እኔ ስንቱ ላይ አለሁ?» አለች።
አራት ሺህ ሁለት መቶ ፎቶ ገለጥሁ፤
የአሸዋ ጨርቅ ነጋዴ አለ፣
የለገሃር ዘበኛ ከነውሻው አለ፣
ሳቢያን ሜዳ ላይ ኳስ የናፈቀ በረኛ አለ፣
ስሙን ማንም የማያውቀው የሰርግ እንግዳ
ጉንጩ በሥጋ አብጦ አለ።
እርሷ የለችም።

ቅርጫቱን ገለበጥሁት።
እዚያ ነበረች፦
ደረቅ ወንዝ ላይ የተጋደመ ረዥም ጥላ፣
ክንዶቹ እንደ ማሰሮ ጆሮ የታጠፉ፤
በአንድ ሽማግሌ መነጽር ውስጥ ጤፍ የምታህል ሴት፤
ነፋስ ያመጣው የሻሿ ጫፍ፣
ደግሞ አውራ ጣት፣
ደግሞ አውራ ጣት፣
ቀላ ያለ፣ ብርሃን ያሳለፈ፣ እንደ ጎህ።
መልሼ አወጣኋቸው፣ ሃያ ሦስቱንም።

«ማኅደሩን ምን ልበለው?»
«ተወው፤ ዓይኔ ሲገፈፍ አይቼ አወጣለታለሁ።
ይልቅ ሌላውን ካርድ ሰካ፣ ሳይመሽ፣ መብራቱም ሳይሄድ።»

«አዲስ ማኅደር» እንደተባለ ተቀመጠ።
ሰካሁ።
«ስንት ይላል?»
«አራት በመቶ።»