ቅጽ ሰባት

ጣርማበርን ወርደን፣ ጭጋግ ሰነጣጥቀን፣
ደብረ ሲናን አልፈን፣ አስፋልቱን ለቅቀን፣
ገዛኸኝ ሾፌሩ መሪውን ጨበጠ፤
«ከዚህ ወዲያ» አለኝ፣ «መንገዱ አመለጠ።»

እውነቱን ነበረ፤
በእኔ ካርታ ላይ በቀይ የተሠመረ
ያ የገጠር ጥርጊያ
በጳጉሜን ሌሊት ተንሸራቶ ከወንዝ ውስጥ አደረ።

«አልጮኸም ተራራው» አለኝ አንድ ጎልማሳ፣
ጭቃ የጠጣ ጋቢ ትከሻው ላይ ከብዶት፣
«ቁጭ ብሎ እንደ ቆየ ሰው ብድግ አለ፣ ተነሣ፤
ጭኑ ላይ አንድ ጎጥ ሰው መኖሩን ረሳ።»

እኔ ከኮሚሽኑ የተላክሁ መዝጋቢ፤
ደብተሬ በላስቲክ፣ ኪሴ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ፣
እጄ ላይ ቅጽ ሰባት፣ ባለ አሥራ አራት ዓምድ፦
ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ዓይነት፣ ቆርቆሮ ወይ ሣር፣
የሞተ፣ የቆሰለ፣ የጠፋ ሄክታር፣
እና በመጨረሻ፣ ማንም የማይሞላት፣
«ምርመራ» የምትባል አንዲት ጠባብ ክፍል፣
መመሪያው ራሱ «ባዶ ትሁን» የሚላት።

ትምህርት ቤቱ ቆሟል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ
ከሰኔ የቀረ፣ መልስ ያላገኘ ክፍልፋይ።
ከሥሩ ጠረጴዛ፣ ከበሩ እስከ ሜዳው ወረፋ፤
ዘጠና አራት እማወራና አባወራ፣
በመኪናችን ላይ ስድሳ ሸራ።

ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቼ
ለደብረ ብርሃን ደወልሁ።
«ደብዳቤ ጻፍ» አሉኝ፤ «ሦስት ማኅተም አለው»፤
«ነገ ስብሰባ ነው፣ በአጀንዳ እናየዋለን።»
የቀረውን ነፋስ ወሰደው።
ሌሊት ግን ውብሸት፣ የመጋዘኑ ሰው፣
ውርጩ ጣቱን እየበላው፣ በገዛ ፊርማው
ሠላሳ አራት ሸራ ጭኖ ላከ።
ሸራውም ለእኛ ደረሰን፤
ማስጠንቀቂያውም ለእሱ ደረሰው።

«ስም?»
«ወርቅያንጥፉ።»
«ዕድሜ?»
«አንበጣ በወረደ ጊዜ ቆርቆሮ መትቻለሁ።»
ሰባ አምስት ግድም ብዬ ጻፍሁ።
«የጠፋ ንብረት?»
«ሁለት በሬ። ማሽላዬ፣ ገና ሊያፈራ ሲል። ጌሾዬ።
ምንጩም ሄዷል፤ ምንጭ ትጽፋለህ?»
«ዓምድ የለውም፣ እናቴ።»
«እንግዲያ ድንበሩን ጻፍ።»
«የምን ድንበር?»

ከጎረቤቷ ከላቀው ጋር፣ በአንዲት ቁልቋል ሥር፣
በሩብ ጥማድ መሬት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ
ተካሰው ነበር።
ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን፤
ስንቅ ይዘው፣ በአንድ አውቶቡስ፣
በተለያየ ወንበር።
የድንበሩን ድንጋይ እሷ ቀን ትገፋዋለች፤
እሱ ሌሊት ይመልሰዋል።

«አሁን» አለች፣ መቀነቷን አጥብቃ፣
«ድንበሩም የለ። ላቀውም የለ።
ልጁ ብቻ ተረፈ፤ ያው ከኋላዬ የቆመው።
ያችን ሩብ ጥማድ በእሱ ስም ጻፍልኝ።
አባቱ ረትቶኛል በል።»

«እናቴ፣ መሬቱ እኮ ወንዝ ገብቷል።»
«አውቃለሁ» አለች። «ጻፍ።»

ጻፍሁ። በዚያች ጠባብ ክፍል፣ ፊደል በፊደል ላይ ተሳፍሮ፦
«ሩብ ጥማድ፣ ከወይዘሮ ወርቅያንጥፉ
ወደ አስናቀ ላቀው። በፈቃዷ ተረታች።»
ልጁ አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ፤
ለሸራው የፈረመ መስሎት።
እሷ ግን ጣቱ ወረቀቱን እስኪለቅ አየችው፤
ከዚያ ስንዴ ወደሚሰፈርበት ሄደች።

ጥቅምት ላይ ቅጹ ከአዲስ አበባ ተመለሰ፣
ያችው ክፍል በቀይ ቀለም ተከባ፦
«የሄክታሩ ድምር አይገጥምም። ይስተካከል።»
ደመርሁት። ቀነስሁት።
ከላዩ የአጣዬ ቅጽ ተደርቧል፤ ከእሱ ላይ የመንዝ ውርጭ።
እስከ ዛሬ አልገጠመም፤
እኔም አላስተካከልሁት።