ይጠብቃል

ታርቱ፣ የካቲት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ወንዙ በበረዶ ታስሯል፣ መንገዱም ሰው የለበት።
ሬሊካ ብቻዋን፣ ካልሲ በካልሲ ደርባ፣
ሕመምተኛውን ሰርቨር ታስታምማለች፣ እንቅልፏን ለሻይ አስረክባ።

ዘጠኝ መቶ ማሽን በየግማሽ ሰዓቱ
"ምን ልሁን?" ይሉታል፤ ይኼ ነው ሥርዓቱ።
ለእያንዳንዱ ይጽፋል፦ ይኼን ፋይል አኑር፣
ያን በር ዝጋ፣ ይኼን ቀስቅስ፣ እንዲህ ሆነህ እደር።
ሰሞኑን ግን ያምጣል።

"ሜሞሪ ይጨመር" አሉ፤ "ኔትወርኩ ነው"፤ "እርጅና ነው"።
እሷ፦ "ሳልሰፍር አልፈርድም።"
ለአንዲት ሌሊት ልኬቱን ከፈተች
(መለካትም ሸክም ነው፣ ታማሚን ሚዛን ላይ እንደ ማቆም)
እርምጃውን ሁሉ በሚሊሰከንድ ቆጠረች።

ቁጥሩን በወንፊት አሳለፈች። ዲስኩ ንጹሕ። ኔትወርኩ ንጹሕ።
የቀረችው አንዲት መስመር፣
ኡርማስ ጡረታ ሳይወጣ የጻፋት፦
"ምድር ቤት ያለችውን ማሽን ጠይቅ፤ መልሷን ሳትሰማ አትለፍ።"
ያቺ ማሽን ባለፈው ጸደይ ተነቅላ
ለብረት ገዢ ተሸጣለች።
ማንም አልነገረውም።
ዘጠኝ መቶ ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ሰከንድ፣
የሌለችን ደጅ ይጠናል፤
ግማሽ ሰዓቱ አይበቃውም።

በእኔ ቋንቋ ቢሆን አንድ ቃል በበቃው፦
ይጠብቃል።
ላልቶ ቢነበብ ሕመሙ፣
ጠብቆ ቢነበብ ሰበቡ።

ሬሊካ ጣቷን መሰረዣው ላይ አኖረች፤
አንድ ዙር ታገሠችው።
ሦስት ሰከንድ አብራው ደጅ ጠናች፣
ከዚያ ሰረዘች።

ልኬቱንም ዘጋች።