ማስመሪያው ሲወድቅ

ከሌሊት ጥበቃ ገብቼ ጫማዬን ሳልፈታ፣
ኦስናት ቆማለች ከሳሎኑ ደፍ፣ ማልዳ ተነሥታ።
በእጇ ማስመሪያ፣ ሠላሳ ሴንቲ የእንጨት፣
እርሳስ ከጆሮዋ ጀርባ፤ ሳትለኝም እንዴት
አደርክ፣
"አባ፣ ጣትህን ክፈት፤ እንዲህ፣ እንደ መቀስ።
ስለቀው ትይዘዋለህ፣ ወለሉ ጋ ሳይደርስ።
ዝግጁ አልልህም።"

ነገሩ የመጣው ከቴሌቪዥኑ ነው፤
በዓለም ሻምፒዮና የመቶ ሜትሩ ሰው
ተኩሱን ሰምቶ ሳይሆን ገምቶ ቢነሣ፣
ቀይ ካርድ አወጡበት፤ ከጥቅሻ ባነሰች አበሳ
የዓመታት ልፋቱ ቀረ።
የኪርያት ጋት ልጆች፣ አምስተኛ ክፍል፣
"ግፍ ነው!" ብለው ጮኹ፤ አንዱም "ዳኛው ይጥፋ" ሲል
መምህርት ላሪሳ አልፈረደችም፣ ዝም አለች፤
መሳቢያዋን ከፍታ ማስመሪያ አደለች።
"ጆሮ ሰምቶ፣ ዐይን አይቶ፣ ጣት እስኪታዘዝ ድረስ
መንገድ አለ፤ እሱን ለኩ፣ ዳኛውን ከመክሰስ።"

ታናሿ ናዖር በአራት ሴንቲ ያዘና ጨፈረ፤
"ከአምስት በታች ዐይን አይደርስም፤ ገምተሃል! ቀይ ካርድ!"
ልጁ አኮረፈ፣ በሩን ወርውሮ በረረ።
እናቷ ቦርሳዋን አንግታ፣ ለአውቶቡስ እየቸኮለች፣
በግራ እጇ፣ በቅጡ እንኳ ሳታይ፣ በዐሥራ ስድስት ያዘች።
ከላይኛው ፎቅ ሞሪስ "በረኛ ነበርኩ፣ በካዛብላንካ!" አለ፤
ማስመሪያው እግሩ ሥር ተኝቶ፣ እሱ ስላዳናት ኳስ ሲተርክ ዋለ።

እኔስ?
የፕላስቲክ ፋብሪካ በር ዐሥር ሰዓት የጠበቅሁ፣
በሃያ ስምንት ያዝሁ። አንዳንዴም አልያዝሁ።
አልሣቀችም። ጻፈች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ "ከሥራ በኋላ"።
ከሰዓት ተኝቼ ስነሣ፣ ዐይኔን ሳሽ፣ ገና እህል ሳልበላ፣
ደግሞ ጣቴን ከፈተችው፤ ዐሥራ ዘጠኝ። ጻፈች።
ዐሥራ ሁለት ቀን እንዲህ፣ ሳታዛንፍ፣ እንደ ኪኒን ሰጠች።

ሰው "ደከመህ ወይ?" ሲለኝ "ኧረ ደህና!" ማለት ለምጃለሁ፤
ለአለቃው፣ ለሐኪሙ፣ ለሚስቴም እንዲሁ ብያለሁ።
ድካም በእኔ ቤት ስም እንጂ ቁጥር አልነበረውም፤
ይህን ያህል ነው ብሎ በሴንቲ የነገረኝ ማንም አልነበረም።

በትምህርት ቤቱ ምሽት ግድግዳው ላይ አየሁት፤
የአንዱ የጋዜጣ ጦር፣ የሌላው የኳስ ንጥረት፣
መሐል ላይ የእሷ፣ ሁለት መስመር፤ ሰማያዊው ከሰዓት፣ ቀዩ ጧት።
ርዕሱን በዕብራይስጥ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሜ፣
"አባቴ ከእንቅልፍ በፊትና በኋላ"፤ አነበብሁት ቆሜ፤
ዳግመኛም አነበብሁት።
ከኋላዬ አንዱ ወላጅ "የማን አባት ይሆን?" አለ፤
እጄ፣ እንደ ተማሪ እጅ፣ ሳላዘው ከፍ አለ።

ላሪሳ "እሺ፣ ይህ" አለች፣ "ምን ያሳየናል?"
"ሯጩ አልሰማም፣ ገምቷል። አባቴ ግን ይሰማል፤
የዘገየው መንገዱ ነው፤ መንገዱ እንቅልፍ ይፈልጋል።"
ቆም አለች። ከዚያ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ እያየች ወደ ሰሌዳው፣
"ስለዚህ ጧት ጧት መኪናውን ሌላ ሰው ነው የሚነዳው።"
አዳራሹ ሣቀ። እኔ ኪሴ ውስጥ
ቁልፌን ጨብጬ ነበር፤ ብረቱ እጄ ላይ ሲሞቅ ተሰማኝ።

ሰኞ በሠራተኞች አውቶቡስ መጣሁ፣ ራሴን ከመስኮቱ አስደግፌ፤
የፌርማታውን ስም ሾፌሩ ጠርቶ ቀሰቀሰኝ ከእንቅልፌ።
በሩን ስከፍት ቆማለች፣ ማስመሪያው ከላይ ተንጠልጥሎ።
ጫማዬን አልፈታሁም። ጣቴን ከፈትሁ።
ዝግጁ አላለችኝም።